የተማርንበት ቋንቋ እና የምናክምበት ቋንቋ

በምሩቃን መገናኛው ዕለት የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ አዲሱ ሙያሽ ንገሪን» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የልብ ሐኪም አለ፣ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አለ፣ የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪ አለ። እኔ ይዤ የመጣሁት የእንግሊዝኛ መምህርነት ሰርተፍኬት ነው፤ ያውም ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ በርቀት የተማርኩት። ከትናንት ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ምነው፣ ሐኪምነቱን ትተሽ እንግሊዝኛ?» መልሴን ለሁላችሁም በአንዴ ልስጥ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አገር ቤት ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ሐኪም የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ቀን ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ማታ ወደ ሙያቸው ለመመለስ ያጠናሉ። እኔ በአስተርጓሚነት ክሊኒክ ውስጥ ስለምሠራ «እስቲ አንዴ አለማምጂኝ» እያሉ ይመጡ ነበር። ሕክምናው ላይ የሚታሙ አልነበሩም። መጽሐፉን ያነባሉ፣ የጽሑፍ ጥያቄውን ይመልሳሉ። ታማሚ ሆኜ ፊታቸው ስቀመጥ ግን ዝም ይላሉ። ለምን ዝም እንደሚሉ ማወቅና መርዳት ደግሞ በደግነት ብቻ የሚሆን አይደለም። እንግሊዝኛ መቻልና እንግሊዝኛ ማስተማር ለየቅል ናቸው፤ ወባ የያዘው ሁሉ ወባ አያክምም።

ስለዚህ ተመዘገብኩ። የወሰድኩት ኮርስ ሴልታ ይባላል፤ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው የካምብሪጁ የፈተና ተቋም ነው። ከ120 ሰዓት ያላነሰ ትምህርት፣ በመዛኝ ፊት 6 ሰዓት ማስተማር፣ ልምድ ያላቸውን መምህራን 6 ሰዓት መከታተልና 4 የጽሑፍ ሥራዎች አሉት። ዛሬ ሁሉንም፣ የማስተማር ልምምዱን ሳይቀር፣ በኢንተርኔት መጨረስ ይቻላል። አስተማሪዎቼ እንግሊዝ አገር ነበሩ፤ የ5 ሰዓት ልዩነት አለን። የእነሱ ረፋድ የእኔ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ልጆቹ ሳይነሱ ወጥ ቤት ውስጥ ቡናዬን አፍልቼ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ በየአገሩ ላሉ ተማሪዎች አስተምር ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ባልደረቦቻችን ባሉበት ሥራችን ይገመገማል። የእኛን ሞርኒንግ ሴሽን አስታውሱ፤ እሱን ያለፈ ሰው ያንን አይፈራም።

እዚያ የገባኝን ትልቁን ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ የመማሪያ ቋንቋችን ነበር እንጂ የማከሚያ ቋንቋችን ሆኖ አያውቅም።

እስቲ አስቡት። ይህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። የሐኪሞች ሥልጠና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕሲክ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ጀርመናዊው መምህርና ኢትዮጵያዊው ተማሪ የተገናኙት የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ ነበር። እኛም ያንኑ መንገድ ተከተልን። ራውንድ ላይ ኬዝ የምናቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። አልጋው ላይ ያሉት እማማ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነው። «ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል» ይሉናል፤ እኛ «ፔይን» ብለን እንጽፋለን። ለዓመታት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመን ለመምህሩ አቀረብን። ከታማሚ ጋር ግን በእንግሊዝኛ አንድ ቀን እንኳ አላወራንም። ታዲያ ውጭ አገር ሄዶ ዝም የሚለው ሐኪም ቢዝም ምን ይገርማል? ያልተማረውን ነው የተጠየቀው።

የእኛ ሰው የት የት ላይ እንደሚቸገር በተግባር ያየሁትን ልጥቀስ።

አንደኛው ጨዋነት ነው። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። «ይቀመጡ» ስንል አንቱታው እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። በቀጥታ ስንተረጉመው «ሲት» ይሆንና አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ጨዋነቱን የሚሸከመው በጥያቄ መልክና በተጨማሪ ቃላት ነው። አገሩ ላይ በትሕትናው የሚመሰገን ነርስ እዚያ «ቁጡ ነው» የሚባለው በዚህ ነው። ጠባዩ አልተለወጠም፤ ሰዋስው ነው።

ሁለተኛው «አዎ» ነው። «አለርጂ የለብሽም አይደል?» ስንባል «አዎ» እንላለን፤ «አዎ፣ የለብኝም» ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «የስ» ሲባል «አለብኝ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ስለ መድኃኒት በሚጠየቅበት ሰዓት ይህ ቀልድ አይደለም። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መድኃኒት ቀላል ነው፦ በአሉታ አትጠይቁ፣ በ«የስ» ብቻም አትመልሱ፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱት። ደግሞ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላት ነገር አለች አይደል? ለማያውቃት ሰው ትንፋሽ ያጠረን ታስመስላለች!

ሦስተኛው የድምፅ ጉልበት ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የሚለዩት በአብዛኛው ጉልበቱ በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ በእኛ አፍ ደግሞ ሁለቱ ይቀራረባሉ። በስልክ 15 ሚሊግራም የታዘዘው 50 ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከተናገርን በኋላ አሃዞቹን አንድ በአንድ መድገም እንለማመዳለን፤ «ዋን፣ ፋይቭ» እያልን።

ይህን ሁሉ የሚፈትን ፈተና አለ፤ ኦኢቲ ይባላል፤ ለ12 የጤና ሙያዎች የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስቴፕ 2 ሲኤስ መቅረቱ ከተነገረ ወዲህ፣ አሜሪካ ሬዚደንሲ መግባት የሚፈልግ የውጭ ምሩቅ ለኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፍኬት ይህንን ማለፍ አለበት። የንግግር ክፍሉ ከ«ታማሚ» ጋር የሚደረጉ ሁለት የ5 ደቂቃ ያህል ጭውውቶች ናቸው። የሚመዘነው ሰዋስውና አነጋገር ብቻ አይደለም። የታማሚውን ስጋት ሰማህ? መረጃውን በቅደም ተከተል ሰጠህ? ገብቶት እንደሆነ አረጋገጥክ? የሚለውም ነጥብ አለው።

እዚህ ላይ ነው የመምህርነቱ ኮርስ ወደ ሕክምናዬ የመለሰኝ። ሠልጣኞች ሁላችን መጀመሪያ ከተነገሩን ነገሮች አንዱ ተማሪን «ገባህ?» ብለን እንዳንጠይቅ ነው። መልሱ ሁሌም «አዎ» ነውና ምንም አይነግርም። ይልቅ መልሱ መረዳቱን የሚያሳይ አጭር ጥያቄ ጠይቁ ይላሉ። ይህን ስሰማ የተመላላሽ ክፍላችን ሰልፍ ትዝ አለኝ። ከሩቅ ገጠር የመጡ እናት «ገባዎት እማማ?» ሲባሉ በይሉኝታ «ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ክኒኑን ግን በር ላይ ላገኙት ሰው ነው የሚያሳዩት። «ቤት ሲገቡ ይህን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱት ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» ብንላቸው ግን በግማሽ ደቂቃ እናውቃለን። በሕክምናውም ዓለም ዘዴው የታወቀ ነው፤ ታማሚው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ማድረግ ነው። ለእንግሊዝኛ ክፍልም፣ ለጎንደር ዋርድም እኩል ይሠራል።

አሁን ከባዱን ጥያቄ አልሸሽም። ትናንት አንድ የማከብራቸው መምህራችን «ልጄ፣ ሐኪም እንዲሰደድ እያገዝሽብን አይደለም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የማስተምራቸው ወጥተው ያሉ፣ እጃቸው ላይ ያለው ሙያ እየዛገ ያለ ሰዎች ናቸው። ያ ሙያ ቢዝግ ለአገሪቱ ምንም አይተርፋትም፤ ቢታደስ ግን ሐኪም ሆኖ የሚያግዝና የሚያስተምር ሰው ይገኛል። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ ከታማሚ ጋር መነጋገርን የተማረ ሰው በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም ይሻላል። ምክንያቱም የሚማረው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ወደ ሰው ቋንቋ ማውረድ ነው። ትምህርቱን ለውጭ ብቻ አድርገን ካየነው ግን መምህሬ ትክክል ይሆናሉ። ስለዚህ እዚሁ መጀመር አለበት።

ስለዚህም ሦስት ነገር እለምናለሁ።

መምህራኖቻችን፦ በሳምንት አንድ ራውንድ ላይ፣ ኬዙ በእንግሊዝኛ ከቀረበ በኋላ፣ ተማሪው ምርመራውንና ሕክምናውን ለታማሚዋ በራሷ ቋንቋ፣ በእናንተ ፊት ያስረዳ። እሷም መልሳ ትንገረው። ለዚህም ማርክ ይሰጠው። ማርክ የሌለው ነገር እንደማይጠና እኛም እናንተም እናውቃለን።

ውጭ ያላችሁ ምሩቃን፦ በወር አንድ ሰዓት ስጡን። በዙም ገብታችሁ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ታማሚ ሁኑ፤ ኢንተርኖቹ ሂስትሪ ይውሰዱባችሁ። ገንዘብ ማዋጣት የማይችል ሰው እንኳ ራስ ምታት ሊያዋጣ ይችላል። የቅዳሜዎቹን ፕሮግራም እኔ አስተባብራለሁ፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ ስም እመዘግባለሁ።

በመጨረሻም፣ ፈተናው አልሳካ ብሏችሁ ከእኛ የራቃችሁ ጓደኞቻችን፣ ይህ ጽሑፍ መጽሔቱ ላይ ሲወጣ እንደምታነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። የጎደላችሁ ዕውቀት አይደለም፤ ማንም ያላስተማረን አንድ ኮርስ ነው። አናቶሚን በአንድ ሌሊት አልጨረስነውም። ይህንንም ቀስ ብለን፣ አብረን እንጨርሰዋለን።

ሐኪምነቱን አልተውኩም። ሂስትሪ መውሰድ ነው የማስተምረው።