ከሲዲው ጋር የተጓዘ ፈቃድ



የዛሬው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሠራተኛ የሚጋራው፣ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲዲ ይገባል። የፎልደሮቹ ስም ይታያል፤ አንዱን ልክፈት ሲሉ ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል መልስ ይመጣል። ያንኑ ሲዲ አጠገቡ ያለው ዊንዶውስ ያለ አንዳች ጥያቄ ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ ወይ ሲዲው ተበላሽቷል፣ ወይ ሊኑክስ ለቢሮ አይሆንም ይባላል። ሁለቱም ፍርዶች ስሕተት ናቸው ብዬ እከራከራለሁ። የተበላሸ ወይም የተጫረ ሲዲ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው፤ «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ይላል እንጂ ፈቃድ አይጠይቅም። ጥፋቱ የተፈጸመው ሲዲው በተጻፈበት ሰዓት ነው። ለአንድ ኮምፒውተር የወጣ ፈቃድ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድ ዕቃ ላይ ሳይታሰብበት ታትሟል።

ጉዳዩን እዚህ በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ማንሣት ተገቢ የሚሆነው ሴቻ የመሥሪያ ቤት ሰፈር ስለሆነ ነው። ንግዱ ወደ ሌላው የከተማው ክፍል ወደ ሲቀላ ያዘነብላል፤ ደብዳቤውና ማኅተሙ ግን እዚህ ነው። መሥሪያ ቤት ባለበት ደግሞ «ሶፍት ኮፒው በሲዲ ይቅረብ» የሚል ትእዛዝ አይጠፋም። የጥናት ሪፖርት፣ የግንባታ ንድፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በአገራችን ለዓመታት በዚህ መንገድ ገቢ ሆኗል። ያን ሁሉ የተረከበ መዝገብ ቤት ወጪ ለመቀነስም ሆነ ቫይረስ ለመሸሽ ወደ ሊኑክስ ሲዞር አንድ የሚያስገርም ነገር ይገጥመዋል፤ ዊንዶውስ ላይ የተጻፈው ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል፣ እምቢ የሚለው ራሱ ሊኑክስ ላይ የተጻፈው ነው።

ምክንያቱ ከሲዲ ደንብ ታሪክ ይጀምራል። የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ በጀመረበት በ1979 ዓ.ም. ነበር የሲዲ ፋይል አቀማመጥ እንደ አውሮፓ ደረጃ የወጣው። መነሻው የኩባንያ ባለሙያዎች በአሜሪካ ታሆ ሐይቅ አጠገብ፣ ሃይ ሲዬራ በተባለ ሆቴል ተገናኝተው የተስማሙበት ረቂቅ ነው፤ በ1980 ዓ.ም. አይሶ 9660 ተብሎ ዓለም አቀፍ ሆነ። ይህ ደንብ በተለመደው አጠቃቀሙ የፋይል ባለቤት አይመዘግብም። ስምም ቢሆን በጠባቡ ደረጃው ስምንት የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ የአማርኛ ስም ጨርሶ ቦታ አልነበረውም። ጥበቱን ለማስፋት ሁለት ጭማሪዎች መጡ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ጆሊየት ረጅም ስም በዩኒኮድ ይይዛል፣ ስለ ባለቤት ግን ምንም አይልም። የዩኒክስ ሰዎች ያዘጋጁት ሮክ ሪጅ (ስሙ ከአንድ አስቂኝ የካውቦይ ፊልም ከተማ የተወሰደ ነው) ከረጅም ስም ጋር የባለቤቱን ቁጥር፣ የቡድኑን ቁጥርና ፈቃዱን ይጽፋል። አንድ ሲዲ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ዊንዶውስ ጆሊየትን ያነባል፣ ሮክ ሪጅን አያይም፤ ሊኑክስ ደግሞ ሮክ ሪጅ ካለ እሱን ያስቀድማል። ዊንዶውስ በሩን የሚከፍተው ከሊኑክስ ስለሚሻል አይደለም፤ የተጻፈውን ክልከላ ስለማያነብ ነው።

አሁን ሲዲውን በተርሚናል ከፍተን፣ ባለቤትን በስም ፈንታ በቁጥር እንዲያሳይ አዝዘን እንመልከተው። «ሪፖርት» ከሚለው ፎልደር በስተግራ፣ ፎልደር መሆኑን ከሚያመለክተው ፊደል ቀጥሎ፣ ሦስት ፊደላትና ስድስት ሰረዞች አሉ፤ በቁጥር 0700 ይባላል። ፊደላቱ ባለቤቱ ማንበብ፣ መጻፍና መግባት እንደሚችል ይናገራሉ፤ ሰረዞቹ ለሌላው ሁሉ ምንም እንዳልተፈቀደ። ቀጥሎ የባለቤቱ መለያ ይመጣል፦ 1001። ሲዲውን የጻፈው ኮምፒውተር 1001 ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙ ያለበት ዝርዝር ግን እዚያው ቀርቶ የተሻገረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ኡቡንቱ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000ን፣ ለሁለተኛው 1001ን ይሰጣል። በተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ሪፖርቱ የተላከለት ኃላፊ 1000 ከሆነ በሩ ይዘጋበታል፤ ጉዳዩ የማይመለከተው ሁለተኛ ተመዝጋቢ ግን ባለቤት ተብሎ ይገባል። በጋሞ አንድ ደሬ (ራሱን የሚያስተዳድር አካባቢ) በዱቡሻው (በሸንጎው) የወሰነው ነገር ሌላውን ደሬ አያስገድድም፤ እዚያም ሃላቃ የሚባል ሹም ስላለ ብቻ የአንዱ ሃላቃ ሥልጣን ለሌላው አይተላለፍም። 1001ም እንደዚሁ በየኮምፒውተሩ የሚገኝ የሹመት ስም ነው፤ የሚሠራው በተሾመበት ብቻ ነው። የሊኑክስ ሠሪዎች ራሳቸው ይህን ያመኑ ይመስላል፦ ሲዲ በዴስክቶፕ በኩል በመዳፊት ሲከፈት ሥርዓቱ የተጻፈውን ቁጥር ወደ ጎን ትቶ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው አስተዳዳሪው ለብዙ ሰው ብሎ በትእዛዝ ማውንት ሲያደርገው (ከሥርዓቱ ጋር ሲያገናኘው) ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሣል። ፈቃድ የተፈጠረው ምስጢር ለመጠበቅ ነው፤ ሁሉ ያንብበው ብሎ መጻፍ ቸልተኝነት አይሆንም ወይ? ስጋቱ እውነት ነው፤ የሠራተኛ ማኅደር ወይም የሕሙማን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ሊሆን አይገባም። ነገር ግን 0700 ማንን ከለከለ? ሲዲውን የሰረቀ ሰው የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሩት (የበላይ አስተዳዳሪ) ነው፤ ሩት ደግሞ በፈቃድ አይታገድም። ሩት መሆን ባይችል እንኳ ዊንዶውስ ላይ ጆሊየቱን ያነባል። የሚታገደው ሩት የመሆን መብት ያልተሰጠው፣ ደንብ አክባሪው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። ምስጢር የሆነውን ፋይል ሳይጽፉ በፊት በይለፍ ቃል መመስጠር ነው፤ ያኔ ጥበቃው ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄዳል።

«በሱዶ፣ ማለትም በሩት ሥልጣን በሚያሠራው ትእዛዝ፣ ይከፈት» የሚሉም አሉ። ይከፈታል፤ ግን ባለቤትነትን ጠብቆ የሚቀዳ ትእዛዝ ከተጠቀሙ 1001ና 0700 እንዳሉ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገባሉ፤ ካልተጠቀሙ ደግሞ ፋይሉ የሩት ንብረት ይሆናል። አንድ ሪፖርት ለማንበብ ለሠራተኛው ሁሉ የሩት ይለፍ ቃል ማደልማ ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው።

መፍትሔው ሲጻፍ በሚመረጥ አንዲት ፊደል ላይ ነው። ሲዲ በሚያዘጋጀው ኤምኬአይሶኤፍኤስ ላይ ትልቁ «አር» ባለቤቱንና ፈቃዱን እንዳለ ያትማል፤ ለራስ መጠባበቂያ ቅጂ ይህ ትክክል ነው። ትንሹ «አር» ባለቤቱን ዜሮ ያደርጋል፣ ማንበብን ለሁሉም ይከፍታል፣ መጻፍን ያነሣል፤ ለሚሰጥ ሲዲ የሚገባው ይኸኛው ነው። በመስኮት መሥራት ለሚወዱ ኬ ስሪ ቢ ላይ የፋይል ፈቃድ ይጠበቅ የሚለውን ምልክት አለማድረግ ነው። ትንሹም «አር» እንከን አያጣም። ከእሱ የተቀዳ ፋይል መጻፍ የተነሣበት ሆኖ ስለሚመጣ ለማረም ሲሞክሩ እምቢ ይላል፣ ቻሞድ በሚባለው ትእዛዝ ለባለቤቱ የመጻፍ ፈቃድ መመለስ ያስፈልጋል። ልዩነቱ፣ ይህ ተቀባዩ በገዛ ዲስኩ ላይ የሚያስተካክለው መሆኑ ነው፤ አንዴ የተጻፈ ሲዲ ላይ ግን ቻሞድ አይሠራም።

ሲዲ ጊዜው አልፎበታል፣ ዘመኑ የፍላሽ ነው ቢባል፣ ፍላሽ ከችግሩ ያመለጠው አብዛኛውን ጊዜ ፋት በተባለው የፋይል አቀማመጥ ስለሚፎርመት፣ ፋት ደግሞ ባለቤት ስለማያውቅ ነው። በሊኑክሱ ኤክስት 4 የተፎረመተ ውጫዊ ዲስክ ያንኑ 1001 ይዞ ይመጣል።

የተጻፉት ሲዲዎችስ? አስተዳዳሪው «ኖሮክ» በሚለው አማራጭ ማውንት ቢያደርጋቸው ሊኑክስ ሮክ ሪጅን ትቶ ጆሊየትን ያነባል፤ ፋይሎቹም ለሁሉም ይነበባሉ። ከዚያ ቀድቶ በትንሹ «አር» እንደገና መጻፍ ይቻላል። ሲዲው ጆሊየት ከሌለው ግን የሚቀሩት አጫጭሮቹ የላቲን ስሞች ናቸው፤ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በአብዛኛው በሰረዝ የተሞላ ስም ይዞ ይወጣል። ጆሊየት ቢኖረውም ስም በ64 ፊደል ይቆረጣል፤ ሮክ ሪጅ ግን አንዱን የግእዝ ፊደል በሦስት ባይት እየቆጠረ እንኳ እስከ 85 ያህል ይይዛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ እንደ ስም የተሰጠው ፋይል 64ን በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ ለእንዲህ ያሉት «ኦቨርራይድሮክፐርም» የሚለውን አማራጭ መጠቀም ይሻላል፤ ከእሱ ጋር «ሞድ» በሚለው ለፋይሉ 0444፣ «ዲሞድ» በሚለው ለፎልደሩ 0555 ሲሰጡት ለሁሉም ያስነብባል፣ ረጅሙን ስምም አይነካም።