ከአቃቂ ሜዳ እስከ ሐረር ሜዳ

የጦር አውሮፕላን አብራሪነት ወታደርነትንና አብራሪነትን አንድ ላይ የሚያሸክም ሙያ ነው። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ አብራሪነቱን አይቶ ይመዘገባል፤ ቀድሞ የሚቀበለው ግን ወታደርነቱ ነው። ከአቃቂ ቃሊቲ የሚመረቅ ተማሪ ይህን ሙያ ሲያስብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የዛሬው የአየር ኃይል መናኸሪያ ሐረር ሜዳ የሚገኝባት ቢሾፍቱ በዚያው በዱከም መንገድ ላይ ናት፤ በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማም የአዲስ አበባ አውሮፕላኖች ያርፉ የነበረው አቃቂ ሜዳ ላይ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈ። በዓመቱ ገደማ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። በ1927 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ ጥቂቶቹን አውሮፕላኖች በኃላፊነት ተረከበ። ሮቢንሰን በአሜሪካው የተስኪጊ ተቋም የተማረው የመኪና መካኒክነት ነበር። ቺካጎ ውስጥ ጥቁር በማይቀበል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ትምህርቱን በጎን ይከታተል ነበር ይባላል። ቴክኒክ ለተማረ የአቃቂ ወጣት ከተዋጊ ጄቶች ስም ይልቅ ይህ የሕይወት ታሪክ የሚጠቅም ይመስላል።

የያኔዎቹ አውሮፕላኖች ለውጊያ የሚበቁ አልነበሩም። ዋና ሥራቸው በአዲስ አበባና በሰሜኑ ግንባር መካከል መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነበር። ያም ሆኖ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የገጣጠማት ትንሽ አውሮፕላን በአገሪቱ ሰማይ በረረች፤ ስሟም በልዕልት ፀሐይ ተሰየመ። በዚያው ዓመት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃቂ ሜዳን መቱ። አውሮፕላኗ ፀሐይም ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም. ነው። ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ቆየና በ1946 ዓ.ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ።

ከጦርነቱ በኋላ ሥልጠናው ቢሾፍቱ ላይ ሥር ሰደደ። በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ያመላልስ የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አዲሱን አየር ኃይል አደራጀ፤ ሳብ ሳፊር የተባለው አውሮፕላንም የጀማሪዎች መማሪያ ሆነ። ኋላ አሜሪካኖቹ ኤፍ-86ንና ኤፍ-5ን፣ ሶቪየቶቹ ሚጎቹን አመጡ። መሣሪያው በተቀየረ ቁጥር አብራሪውም የመማሪያ ቋንቋውን፣ መመሪያ መጽሐፉንና የበረራ ልማዱን መቀየር ነበረበት። ይህ ሙያ አንዴ ተምሮ የሚጨረስ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የሠልጣኞች ምርጫ የሚጀምረው በሐኪም ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና የጀርባ አጥንት ይመረመራሉ፤ ጎበዝ ተማሪ በዓይኑ ምክንያት ሊቀር ይችላል። ከዚያ የእጩ መኮንንነት ሥልጠና ይከተላል፤ ቀጥሎም የክፍል ትምህርት፦ የአየር ፍሰት፣ ሞተር፣ አቅጣጫ ማግኛ፣ የአየር ጠባይ፣ የሬዲዮ እንግሊዝኛ። ሠልጣኙ በመምህሩ ጎን ሲበር ቆይቶ አንድ ቀን መምህሩ ይወርድለትና ብቻውን ይነሣል፤ አብራሪዎች «ሶሎ» የሚሉት ይህን ነው። እዚያ ሳይደርስ የሚመለስም አለ፤ በሰዓቱ መወሰን ያቃተው ከጓደኞቹ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚማር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ግን አውሮፕላኑ አይጠብቀውም።

ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ጄት በኃይል ሲታጠፍ ደግሞ ሸክሙ አብራሪው ላይ ይወድቃል። በ5 ጂ፣ ማለትም በአምስት እጥፍ የስበት ኃይል፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 350 ኪሎ የሆነ ያህል ይከብደዋል፤ ደሙ ወደ እግሩ ይሸሻል፣ እይታው ከዳር እየጠበበ ይመጣል፣ ካልተቋቋመውም ራሱን ይስታል። እግርና ሆድን የሚጨምቀው ልብስ ያግዛል እንጂ ጡንቻን አጥብቆ በሥርዓት መተንፈስን አይተካም።

ሁሉም ግን ተዋጊ ጄት ላይ አይወጣም። ሄሊኮፕተርና የጭነት አውሮፕላን ላይ የሚመደብ አለ፤ ምድቡን የሚወስነው የሠልጣኙ ምኞት ብቻ ሳይሆን የሠራዊቱ ፍላጎት ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተቀበለ ሰው ወደ ሲቪል አቪዬሽን ቢሄድ ይሻለዋል፤ እዚያ ምድቡ ሌላ፣ አደጋውም ሌላ ነው። በኦጋዴን ጦርነት በኤፍ-5 የሶማሊያን ሚጎች የጣሉት ለገሰ ተፈራ በኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ፤ 11 ዓመትም በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። ለውትድርና የሚፈረመው ፊርማ እስከዚያ ድረስ የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል።

ከበረራ የተመለሰ አብራሪ ያየውን ብልሽት በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይጽፋል። የጥገና ቴክኒሽያኑ ፈትሾ ያስተካክላል፤ ከታች ይፈርማል። ያ ፊርማ እስኪሰፍር ድረስ ጄኔራልም ቢመጣ አውሮፕላኑ ከቆመበት አይነሣም።