ፈሰሱ የሚወስደውን ማን ይጠጣዋል?

ዛሬ የምንነጋገረው ከማሳችሁ ስለሚወጣው የጎርፍ ውሃ ነው።

ክረምት ሲገባ ጤፉና ስንዴው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ሁላችሁም ፈሰስ ታወጣላችሁ። ፈሰሱ ሰብሉን ያድናል። ነገር ግን የሚወስደው ውሃውን ብቻ አይደለም። አፈሩን፣ የበተናችሁትን ማዳበሪያና የረጫችሁትን ፀረ አረም ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል።

የእኔን ጥፋት ላስቀድም። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ አርሶ አደሮችን ሰብስቤ የኬሚካል ርጭት አሳይ ነበር። ውሃ ቅርብ ነው ብዬ መድኃኒቱን ወንዝ ዳር በጠበጥሁ፤ ስጨርስም መርጫውን እዚያው ወንዝ ውስጥ አለቀለቅሁ። ከታች በኩል አንዲት እናት በእንስራ ይቀዱ ኖሯል። ቀና ብለው አይተውኝ፣ «ልጄ፣ አንተ የምታጥበውን እኔ ነኝ የምቀዳው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ያን ዕለት ያስተማርኋቸው ሰዎች እኔን አይተው እንደዚያው ማድረጋቸው ነው። እናንተንም ጎረቤት የሚያየው እንዲሁ ነው።

የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ አባይ ይወርዳሉ። ከላይ ያለነው እኛ ነን። ከእኛ በታች ከብት የሚያጠጣ፣ በመስኖ ድንችና ሽንኩርት የሚያለማ፣ ልጅ የሚያጥብ ወገን አለ።

ጉዳቱ ለራሳችንም ነው። 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ናይትሮጂን በውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ ኃይለኛ ዝናብ ከደረሰበት በፈሰስ ይሄዳል። በኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ አፈር ላይ ስለሚጣበቅ ከአፈሩ ጋር ይታጠባል። ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የእኛ ወንዞች ጣና አይገቡም፤ ትምህቱ ግን ለእኛም ይሆናል። እንዲህ ያለው አረም የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚገባ ንጥረ ነገር ነው። ብር አውጥተን የገዛነው ማዳበሪያ የውሃ አረም መቀለቢያ ሲሆን ከማየት የከፋ ኪሳራ የለም።

ስለዚህ ከዚህ ክረምት ጀምሮ የሚከተለውን እንሥራ።

1. ፈሰስን ቁልቁል ቀጥ አድርጋችሁ አታውጡ። ረጋ ባለ አግድም ተዳፋት አውጡትና ወንዝ ከመድረሱ በፊት ሣር ወደለበሰ መውረጃ አግቡት። ወንዝ ዳሩን እስከ ጫፍ አትረሱ፤ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ትከሉበት። ሣሩ ደለሉን ይይዛል፤ ደሾው ለከብት መኖም ይሆናል።

2. ዩሪያን ከፋፍላችሁ ጨምሩ። ሰማዩ ሲጠቁር አትበትኑ።

3. መድኃኒት የምትበጠብጡት ከወንዝ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ቢያንስ 50 ሜትር ርቃችሁ ይሁን። ውሃውን በጀሪካን ወደ ማሳው ውሰዱ እንጂ መርጫውን ወደ ወንዝ አትውሰዱ። ሊዘንብ ሲል አትርጩ።

4. ዕቃው ባዶ ሲሆን ሩብ ያህል ውሃ ጨምራችሁ ክዳኑን ዘግታችሁ ናጡት፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ገልብጡ። ይህን 3 ጊዜ አድርጉና ዕቃውን ብሱት። መርጫው የታጠበበትንም ውሃ እዚያው ማሳ ላይ ርጩት። የተበሳውን ዕቃ ልጆች በማይደርሱበት አኑራችሁ ለባለሙያ አሳውቁ። ዘይትም፣ ጠላም፣ ውሃም አይያዝበት።

5. በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ መመዝገብ አለበት፤ ጽሑፍ የሌለው ዕቃ ግን መጠኑንም፣ ምንነቱንም አይነግራችሁም።

6. የፍግ ክምርን ከጎርፍ መንገድ አርቁ፤ ከላዩ የውሃ መቀልበሻ ቦይ አውጡለት።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ውሃው እያለ በእጃችን አበላሽተነው እንዳይጠማን እሰጋለሁ። አሁን ወደ ማሳ እንውጣ። መርጫ አጥባችሁ የምታሳዩኝ እናንተ ናችሁ፤ ከወንዙ ርቀን። ከዚያ እያንዳንዳችሁ በየጎጣችሁ ለ5 ጎረቤት አሳዩ።