ክረምት አዋጅ አይጠብቅም፦ በወረርሽኝ ዘመን የወል መሬትና የማሳ ጥበቃ ሥራ

በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ለተሰማሩ የመስክ ባልደረቦች፣ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለወረዳ ባለሙያዎች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ሊወድቅ የሚችል ጉዳይ ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ ነገሩ የጤና ባለሙያው ድርሻ ይሆናል፤ እርከንና ችግኝ ደግሞ የግብርና ባለሙያው ድርሻ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ግን አንድ ሰው ነው። እጅህን ታጠብ የሚለው መልእክትም፣ እርከንህን ጠግን የሚለው መልእክትም የሚደርሰው ወደ አንድ ደጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ በሚታዘዝበት ጊዜ፣ በሕዝብ መሰብሰብ ላይ የቆመው የወል መሬትና የማሳ ጥበቃ ሥራ እንዴት ይቀጥላል?

በሽታ ወደ መሬት የሚደርስበትን መንገድ ሀገራችን ቀድማ ታውቀዋለች። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጅ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ረኃቡም ተከተለ። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የበረታው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ኅዳር ደግሞ የመከር ወር ነው። በሽታ ሰውን ወይም በሬን ከሥራ ያስቀራል፤ የመሬቱ ወቅት ግን ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውን በዚህ ዓይን እንመልከተው። በኮሮና ቫይረስ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው በሀገራችን መጋቢት 4 ቀን ተገኘ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሰዎች መሰባሰብም በጥብቅ ተገደበ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል ብዙ ምእመን በዓሉን በቤቱ ሆኖ አከበረ። ቀን መቁጠሪያውን ከግብርናው ወቅት ጋር ስናስተያየው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ፣ ማለትም ሺህዎች በአንድ ተራራ ላይ የሚሰለፉበት ሥራ፣ ወረርሽኙ ከመግባቱ አስቀድሞ በአብዛኛው ተከናውኖ ነበር። ከአዋጁ ጋር የተጋጨው ቀጣዩ ሥራ ነው፦ ችግኝ ማጠጣት፣ የመትከያ ጉድጓድ ማዘጋጀት፣ እርከን መጠገን፣ የተከለለውን መሬት መጠበቅ። ክረምቱ በሙሉ በአዋጁ ዘመን ውስጥ ዋለ። በዚያ ላይ የበረሃ አንበጣ ነበረ። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመታት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ የተባለው ይህ መንጋ ወደ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ የሰብል መሬት እንደጎዳ በዚያው ዓመት ተመዝግቧል።

አንዳንዶች «ነፍስ ትቅደም፤ አፈር ይደርሳል» ይላሉ። ነፍስ ትቅደም የሚለውን እኛም አጥብቀን እንይዛለን። አፈር ይደርሳል የሚለውን ግን ከመሬቱ ጠባይ አንጻር መመርመር ይገባል። በደጋው ሀገራችን ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረ ግምት አለ። በገበሬው መስፈሪያ 420 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በጥቂት የክረምት ሳምንታት ውስጥ ነው። እርከን ደግሞ እንደ ጎተራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በአንድ ቦታ ሲደረመስ፣ በእርከኑ ርዝመት ሁሉ የተጠራቀመው ውኃ በዚያች ክፍተት በኃይል ይወርዳል፤ ታችኛውንም እርከን ይንዳል። ሳይጠገን የቀረ አንድ ክፍተት የቦረቦር መነሻ ይሆናል። ቦረቦሩ የሚያልፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርከኑን ባልጠገነው ሰው ማሳ ላይ አይደለም፤ ከታች ባለው ጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው። ችግኝም እንዲሁ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ለጥቂት ቀናት ውኃ ያጣ ችግኝ በሐምሌ የሚተከል አይሆንም።

ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያው ትምህርት ሥራዎችን መለየት ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዲስ እርከን መጀመር፣ አዲስ ቦታ መከለል፣ የገበሬዎች በዓልና የልምድ ልውውጥ ጉዞ ማካሄድ ለከርሞ ቢቆይ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ችግኝ ጣቢያን ማጠጣት፣ የተሠራውን እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መጠገን፣ የጥብቅ ቦታ ጠባቂዎችን ደመወዝ መክፈል ግን አይቆዩም። ይህ ልየታ በየቀበሌው በደህናው ቀን ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ለመለየት ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ስብሰባው ደግሞ ክልክል ይሆናል።

ሁለተኛው የሰው አሰላለፍ ነው። የተፋሰስ ሥራ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ረድፍ የሠራ ብዙ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ሥራውን በዝርዝር ስናየው ብዙ ሰው የሚሻው ጥቂቱ ክፍል ነው። ለእርከን ቅየሳ ሦስት ሰው ይበቃል፦ ሁለቱ በአሥር ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፍ ምልክት ያለበትን እንጨት ይይዛሉ፤ ሦስተኛው በገመዱ መካከል የተንጠለጠለውን የውኃ ልክ ያነብባል። ከተቀየሰ በኋላ ቁፋሮው በሜትር ተለክቶ ለየቤተሰቡ ሊሰጥ ይችላል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ነውና አብሮ ቢቆፍር አዲስ የመተላለፊያ መንገድ አይከፍትም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሕዝቡን በአንድ ቦታ መጥራት ሳያስፈልገው በየድርሻው እየዞረ ያያል። ዶማና አካፋ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ይዞ ይመጣል። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ ሕሙማንና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ድርሻ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ አስቀድሞ በስም መታወቅ አለበት። በደቦ ጊዜ ይህ ሳይነገር ይሸፈናል፤ ሥራው በየቤቱ ሲከፈል ግን ካልተነገረ ይረሳል።

ሦስተኛውና ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የክፍያ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም 8 ሚሊዮን ያህል የገጠር ነዋሪዎችን ሲደግፍ ቆይቷል። መሥራት የሚችሉት በማኅበረሰብ ሥራ፣ በተለይም በአፈርና ውኃ ጥበቃ እየተሳተፉ ክፍያ ያገኛሉ፤ መሥራት የማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። ወረርሽኙ ሲገባ የሥራ ግዴታው ለጊዜው እንዲነሣና ክፍያው እንዲቀጥል ተደረገ። «ሳይሠሩ መክፈል ሰውን ያበላሻል» የሚል ስጋት በዚያ ጊዜም በኋላም ተሰምቷል።

ለዚህ ስጋት መልስ የሚሆን ማስረጃ አለ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት በክረምት 2011 ዓ.ም. እና በወረርሽኙ ወቅት በሰኔ 2012 ዓ.ም. አንድ ዓይነት ቤተሰቦችን ጠይቀው አነጻጽረዋል። በአጠቃላይ የምግብ ዋስትና ያጡት ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ጨምሮ ተገኘ። በሴፍቲኔት በታቀፉት ዘንድ ግን ጭማሪው 2.4 ነጥብ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ስለ መሬትም ይናገራል እንላለን። የሚበላው ያለው ቤተሰብ በሬውን አይሸጥም፤ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይፈጭም፤ ከጥብቁ ደን እንጨት ቆርጦ ለገበያ ከሰል አያከስልም። ሳይሠሩ የተከፈላቸው ቤተሰቦች ባይቆፍሩም ክፍያው በራሱ የመሬት ጥበቃ ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ሥራው ቢቆም ክፍያው እንዳይቆም፣ ሥራው በየቤተሰቡ ሲቀጥል ደግሞ ክፍያው ከሥራው እንዳይዘገይ በውል ላይ አስቀድሞ መስፈር ይገባዋል።

አራተኛው የወል መሬት ነው። ከተማ ሲዘጋ የቀን ሥራ ያጣው ወጣት ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል። የራሱ ማሳ የለውም፤ ዓይኑ የሚያርፈው በወል ግጦሹና በተከለለው ተራራ ላይ ነው። በጎብኚ ይኖሩ የነበሩትም እንዲሁ ናቸው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ መንገድ መሪው፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ እንጀራቸው የተያያዘው ከእንግዳው ጋር ነበር። እንግዳው ሲቀር ፓርኩን የመጠበቅ ጥቅም በአንድ ጊዜ ይደበዝዛል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ምሳሌዎች ከታሪካችን ይነሣሉ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ከድርቁ ዘመን በኋላ በመንግሥት ትእዛዝና በምግብ ለሥራ የለሙ ብዙ ደኖች ተጨፈጨፉ፤ የተከለሉ ተራሮችም ተከፈቱ። ሕዝቡ የእኔ ነው ያላለው ጥብቅ ቦታ፣ ጠባቂው በተነሣ ማግሥት ጥብቅ መሆኑ ቀረ። በአንጻሩ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአካባቢው ሕዝብ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚታጨድበትና ከብት የሚገባበት ጊዜ በሕግ ነበር፤ መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በመረጧቸው አለቆች ውሳኔ ይከፈታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት መሠረቱ ቢናጋም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በዚያ ይኖራሉ።

የጓሳ ትምህርት መዝጋት ብቻ አለመሆኑን ልብ እንበል። ሲቸግር በሥርዓት መክፈትም አለ። ጥብቅ ቦታ በችግር ቀን ለችግረኛው ምንም የማይሰጥ ከሆነ በሌሊት በመጥረቢያ ይከፈታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የተፋሰስ ኮሚቴ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ እንዲያስገባ እንመክራለን። ሣር አጭዶ መውሰድ ለማን፣ ስንት ሸክም፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚፈቀድ፤ የደረቀ እንጨት መልቀም ለማን እንደሚሰጥ፤ የማይነካው ቦታ የቱ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከቤት የሚመለሱትም ወጣቶች በንብ ማነብና በችግኝ ጣቢያ ሥራ ቅድሚያ እንዲያገኙ ይወሰን። በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉት ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ በብዙ ደጋማ አካባቢ ከአገር በቀሉ ደን የቀሩት የመጨረሻ ዘር ናቸውና፣ እነርሱ በማይነካው ወገን እንዲመዘገቡ የሰበካ ጉባኤዎችን አደራ እንላለን።

በመጨረሻም ጤናና መሬት የሚገናኙበትን አንድ ነገር እናስታውስ። እጅ መታጠብ ውኃ ይፈልጋል። በብዙ መንደር እናቶችና ልጃገረዶች ውኃውን የሚያመጡት ከምንጭ ነው፤ ምንጩ የሚጎለብተው ደግሞ ከላይ ያለው ተራራ ሲከለልና የዝናቡ ውኃ ወደ መሬት ሲሰርግ ነው። እንግዲህ እርከን የሚጠግነው ገበሬ ለጤና ጣቢያውም እየሠራ ነው። ኮሌራና ወባ በየጊዜው በሚመላለሱበት ሀገር ይህ ትስስር ለአንድ ወረርሽኝ ብቻ የሚያገለግል አይሆንም።

ስለዚህ ከዚህ መድረክ ስንለያይ በየወረዳው አራት ነገሮች ተጽፈው እንዲገኙ እንጠይቃለን፦ የማይቆዩ ሥራዎች ዝርዝር፣ በየቤተሰቡ የተለካ የሥራ ድርሻና የአቅመ ደካሞች ስም፣ ክፍያ እንደማይቋረጥ የሚያረጋግጥ ስምምነት፣ የወል መሬት በችግር ጊዜ የሚከፈትበት ደንብ። አራቱም በጀት ብዙ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በደህናው ቀን መቀመጥን ነው። የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ የሰበካ ጉባኤውና የእድር ዳኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጻፉት፤ ግልባጩም በየቀበሌው ይቀመጥ። ሰኔ ሲገባ ደመናው የአዋጁን ማብቂያ ቀን አይጠይቅምና።

እግዚአብሔር ሕዝባችንን ከመቅሠፍት ይጠብቅልን፤ የምድራችንን ፍሬ ይባርክልን።