ስለ ተዛወረ አድራሻ



ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው በጣርማ በር ዋሻ ያልፋል፤ በሩ አንድ፣ ከበሩ ማዶ ያሉት መንደሮች ግን ብዙ ናቸው። የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽም እንደዚሁ በር አለው፤ ይኸውም የባለጉዳዩን ጥያቄ ተቀብሎ በስተውስጥ ወዳሉት ሰርቨሮች የሚያደርስ ሰርቨር ነው።

የውስጡ ሰርቨር «ገጹ ተዛውሯል» ብሎ የራሱን የውስጥ አድራሻ ቢሰጥ፣ ባለጉዳዩ ከውጭ ሊደርስበት አይችልምና ደጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለበሩ የተጻፈለት አጭር ፕሮግራም መልሱን መርምሮ የውስጡን አድራሻ ሕዝብ በሚያውቀው ይተካዋል።

መልሱም ዝውውሩ ለዘለቄታው ሲሆን 301፣ ለጊዜው ሲሆን 302 የሚል ቁጥር ይይዛል። ብራውዘር 301ን መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ገጹ ወደ ቀድሞ ቦታው ቢመለስም እንኳ እንግዳውን ወደ ባዶ ቤት ሊሰደው ይችላል። እንግዲህ ዝውውሩ እስኪጸና ድረስ 302ን መምረጥ ይገባል።