መጽሐፍና የሕፃን እጅ



የውኃ መሐንዲስ ሥራ የሚመዘነው በግድቡ ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ ውኃው ከባለቤቱ እንስራ በመድረሱ ነው። የመጽሐፍም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ፣ በንብረት መዝገብ ቢሰፍርም ለሕፃኑ እንዳልታተመ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ ሕፃን ከፊደል በፊት ተረት ያውቃል። በምድጃ ዳር የሚነገረው የጦጣ ብልጠት፣ እንቆቅልሹና ምሳሌያዊው አነጋገር የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በተለመደው ስማቸው አባባ ተስፋዬ፣ ይህንኑ ወግ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ለልጆች ሲያቀርቡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ የሚነገር ተረት ተናጋሪውን ይጠብቃል፤ የታተመውን ግን ሕፃኑ በፈቀደው ጊዜ ይገልጠዋል። ችግሩ ያለው ተረቱን ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ሕፃኑ እጅ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው።

ይህን መንገድ ለመጥረግ ከተነሡት አንዱ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በስደት ሳሉ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር፤ በዚያም ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ መታጣቱ አሳሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ከዚያም በሐዋሳ፣ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ ወደ ልጆች መሄድ ጀመረ። ጋሪው ነዳጅ አይሻም፤ ቢሰበር የሚጠግነው ባለሙያ ከሰፈሩ አይጠፋም። ለአገሩ የሚስማማ የምሕንድስና ሥራ ማለት ይህ ነው።

ቁም ሣጥኑን የሚቆልፈው የመጻሕፍት ኃላፊ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መጽሐፉ ቢቀደድ ወይም ቢጠፋ ተጠያቂው እርሱ ስለሚሆን ነው። ለማሽን የእርጅና ተቀናሽ ይያዝለታል፤ በየዓመቱ ማለቁ አስቀድሞ ይታሰባል። የሕፃናት መጽሐፍም እንዲሁ በአገልግሎት እንዲያልቅ ደንቡ ቢፈቅድ፣ ኃላፊው ቁልፉን ያለ ሥጋት ይከፍታል። በጀቱም በየዓመቱ መተኪያ ይይዛል።

ከዚህ በተረፈ፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ የራሱ ድርሻ አለው። መደርደሪያው በሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ ይሁን፤ የንባብ ክፍሉ በቂ የቀን ብርሃን ይግባበት፤ በሩም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሰፈር ልጆች እንዲገቡበት በመንገድ በኩል ይከፈት። መደርደሪያውን የሚሞሉት መጻሕፍት ደግሞ በቅድሚያ ልጁ እናቱን በሚያናግርበት ቋንቋ የተጻፉ ይሁኑ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛም ቢሆን። ከባሕር ማዶ በልግስና የሚመጣው መጽሐፍ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ልጁ የማያውቀውን ቋንቋ ብቻ የሚናገር ከሆነ ግን ከመደርደሪያው ሳይነሣ አቧራ ይለብሳል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ የንድፍ ወረቀትና በአንድ የንብረት ደንብ የሚስተካከሉ ናቸው። በማኅበሩ አባላት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈው የትምህርት ቤት ንድፍ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል፤ ይኸውም ሕፃኑ መጽሐፉን ማንንም ሳያስፈቅድ በእጁ ሊያነሣ ይችላልን? የሚል ነው።