የአንቴና ማስማሚያና ደብተር

በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ፣ በውጫሌና በአምባሰል ቀበሌዎች የምትገኙ ሁሉ፣ እርሳስና ደብተራችሁን አቅርቡ። የዛሬው ንግግራችን በእጅ ስለሚሠራ አንድ ዕቃ ነው። ባለሙያዎች አንቴና ቱነር ይሉታል፤ እኛ የአንቴና ማስማሚያ እንበለው።

ለምን ያስፈልጋል? የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ከጋራ ጀርባ ያለውን እምብዛም አያገኝም። ስለዚህ ከአምባሰል ተራራ ሥር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ ከሞላችው ከፍተኛ የአየር ክፍል ነጥሮ ይመለሳል። ተራራውን ከላይ ዘሎ ይመጣል ማለት ነው። ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀት ሲሉ በሬዲዮ የሚነጋገሩት አማተሮችም በብዛት የሚሠሩት በዚሁ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመውና በዓለም አማተሮች ዘንድ በኢቲ 3 ኤኤ መጠሪያ የሚታወቀው የክበብ ጣቢያ ለዚህ ምስክር ነው።

እንግዲህ ሒሳቧን ጻፉ። 300ን በሜጋ ኸርዝ ብታካፍሉ የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይወጣል። 7 ሜጋ ኸርዝ 43 ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ 21 ሜትር ተኩል። ግቢው ጠቦ 15 ሜትር ሽቦ ብቻ ብትዘረጉስ? ሽቦውና ሬዲዮው አይግባቡም፤ ከሚላከው ኃይል ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ማስማሚያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው ከባድ አይደለም። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ፣ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የተፈታ 4 ሜትር ተኩል የመዳብ ሽቦ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ የጣቢያ መምረጫ ካፓሲተር፣ ያ ሲዞር ቅጠሎቹ እየተጠላለፉ የሚገቡት። ሽቦውን በቧንቧው ላይ 25 ዙር ጠቅልሉ። በየ3 ዙሩ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አጭር ሽቦ በካውያ አጣብቁ፤ 8 መውጫ ይሆናል። የጥቅሉን መነሻ ከአንቴናው ጋር እሰሩ። ከሬዲዮው የሚመጣው ሽቦ በመቆንጠጫ ከአንዱ መውጫ ይያዛል። የካፓሲተሩ አንድ እግር ከአንቴናው ጫፍ፣ ሌላው እርጥብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይገናኛል። የሬዲዮው የመሬት ጫፍም ወደዚያው ይሂድ። አንቴናው በጣም አጭር ከሆነ ግን የካፓሲተሩን እግር ከአንቴናው ጫፍ ወደ ሬዲዮው ጫፍ አዛውሩት።

አሁን መቆንጠጫውን ከመውጫ ወደ መውጫ እያሻገራችሁ፣ ካፓሲተሩን በቀስታ እያዞራችሁ አድምጡ። ጫጫታው ድንገት የሚያይልበት ቦታ ትክክለኛው ነው።

ትክክለኛውን ቦታ ካገኛችሁ ወዲያው ጻፉት! ቦታው በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ከቀረ፣ ያ ሰው ደሴ ገበያ በሄደ ቀን ሬዲዮው ለቤተሰቡ ባዶ ሣጥን ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ሒሳብንም ያስተማረው ለእንዲህ ያለ ሥራ ጭምር ነው። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ሞገድ፣ መውጫ፣ ካፓሲተር። በመዞሪያው ዙሪያም ከ0 እስከ 10 ቁጥር ጻፉ። እንደ ሰዓት አታንብቡት፤ አንዱ 3 ያለውን ሌላው 9 ይለዋል፣ በእኛ አገር ሁለቱም ልክ ናቸው! ሐይቅ ለጽሕፈት እንግዳ አይደለችም፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ሰብስበው ደቀ መዛሙርት ያስተማሩባት ናት።

ማዳመጥና መላክ ይለያያሉ። ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ደግሞም የአሮጌ ሬዲዮ ካፓሲተር ቅጠሎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ 100 ዋት ቢላክበት ብልጭታ ይዘልበታል። ለጥቂት ዋት ግን ያገለግላል።

ሽቦውን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ስትዘረጉ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም በታችም አታሳልፉት። ቢወድቅ እንኳ መስመሩን የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። በክረምት፣ በአምባሰል ራስ ላይ ደመና ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ሳትጠብቁ አንቴናውን ከማስማሚያው ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ከመሬቱ ብረት ጋር አያይዙት። ነጎድጓዱ ከጀመረ ግን ሽቦውን አትንኩ፤ ልጆችንም አርቁ።